በእንግሊዝ አገር አልኮል ለመሸጥ ፐርሰናል ላይሰንስ ማውጣት፦ ቅደም ተከተሉ፣ ወጪውና ማመልከቻ የሚያስመልሱ ስህተቶች

በእንግሊዝና በዌልስ አልኮል ለመሸጥ የሚያስፈልገው ላይሰንስ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያጠፋው ይህን ሳይለይ ስለሚጀምር ነው። አንደኛው የቤቱ ነው፤ ፕሪሚስስ ላይሰንስ ይባላል፤ የሚሰጠውም ለዚያ አድራሻ፣ ለዚያ ሰዓትና ለዚያ ዓይነት ሥራ ነው። ሁለተኛው የሰው ነው፤ ፐርሰናል ላይሰንስ ይባላል፤ ባለቤቱ ሥራ ቢቀይርም ከተማ ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል። ፐርሰናል ላይሰንስ በእጁ ያለ ሰው የቤት ፈቃድ በሌለበት አንዲት ጠርሙስ ቢራ መሸጥ አይችልም። የቤት ፈቃድ ያለው ምግብ ቤትም ፐርሰናል ላይሰንስ ያለው ኃላፊ ካልተመዘገበለት መጠጥ መሸጥ አይፈቀድለትም። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ሁለተኛው፣ ማለትም ስለ ሰውየው ላይሰንስ ነው። የለንደን፣ የሊድስ ወይም የማንቸስተር ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወይም ሊከፍት የሚያስብ ሰው ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ሕጉ የ2003ቱ የላይሰንሲንግ አዋጅ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2005 ነው። የሚሠራው በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፤ እዚያ ላይሰንሱ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፣ በየ5 ዓመቱም የማደሻ ሥልጠና አለው። ስለዚህ ግላስጎው ያለ ዘመድ የነገራችሁን ለንደን ላይ አትጠቀሙበት።

መስፈርቶቹ አራት ናቸው። ዕድሜ 18 የሞላ፤ በዩናይትድ ኪንግደም የመሥራት መብት ያለው፤ እውቅና ያለውን ሥልጠና ወስዶ ፈተናውን ያለፈ፤ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ፐርሰናል ላይሰንስ ተቀምቶ የማያውቅ። የወንጀል ሪከርድም ይታያል፤ እሱ ግን በራሱ በር የሚዘጋ አይደለም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የንግድ ልምድ አይጠየቅም። ድርጅት መኖርም፣ ሥራ መያዝም አያስፈልግም። ዛሬ አስተናጋጅ የሆነች ልጅ ነገ ለምትከፍተው ቤት ብላ አሁኑኑ ማውጣት ትችላለች፤ ቢያደርጉት ጥሩ ነው ብዬ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ምክንያቱም የቤት ኪራይ እየቆጠረ ላይሰንስ መጠበቅ ከባድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቅደም ተከተሉ። ማመልከቻው የሚፈልጋቸው ወረቀቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ዕድሜ የላቸውም። የወንጀል ነጻ ማስረጃው፣ ዲቢኤስ የሚባለው፣ ማመልከቻው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ በሚደርስበት ቀን ከተሰጠ ከአንድ ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። የሥልጠናው ሰርተፍኬት ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ዲቢኤስ በኢንተርኔት ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ያወጣል። ከዚያ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ቀን ይጠብቃል፣ ይፈተናል፣ ሰርተፍኬቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰርተፍኬቱ ሲደርስ ዲቢኤሱ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና ማውጣት፣ እንደገና መክፈል ይመጣል። ስለዚህ ሥልጠናውና ፈተናው መጀመሪያ፤ ሰርተፍኬቱ በእጃችሁ ሲገባ ፎቶው፤ ፎቶው ሲፈረምበት ዲቢኤሱ፤ ዲቢኤሱ በመጣ በዚያው ሳምንት ማመልከቻው። ይህን ካደረጋችሁ የሚቀረው ቀላል ነው።

ሥልጠናው ሌቭል 2 አዋርድ ፎር ፐርሰናል ላይሰንስ ሆልደርስ ይባላል፤ ባጭሩ ኤፒኤልኤች። የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ፈተናው 40 የምርጫ ጥያቄዎች በ40 ደቂቃ ነው፤ ለማለፍ 28 ትክክል ያስፈልጋል። በአካል ክፍል ገብቶ መፈተን ይቻላል፤ ከቤት በካሜራ እየታዩ መፈተንም ይቻላል። ከቤት ከሆነ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ በካሜራ ይታያል፣ ጠረጴዛው ባዶ መሆን አለበት፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም። ልጅ በሩን ከፍቶ ቢገባ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላልና ቤቱ ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ምረጡ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። በኢንተርኔት ላይ ስለ አልኮል ሽያጭ በ10 እና በ15 ፓውንድ የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶች አሉ። ሰርተፍኬታቸው ያምራል፤ ለሠራተኛ ማሠልጠኛም ይጠቅማሉ፤ ለፐርሰናል ላይሰንስ ግን አይሠሩም። ካውንስሉ የሚቀበለው የሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) እውቅና ባላቸው ፈታኝ ተቋማት ስም የተሰጠውን ብቻ ነው። አሠልጣኙን "ይህ ለፐርሰናል ላይሰንስ ማመልከቻ የሚሆነው ኤፒኤልኤች ነው? ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ማነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ፈተናው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ከባድ አይደለም። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ሰው ግን ከሕጉ ይልቅ የጥያቄው አጻጻፍ ይከብዳል፤ "ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የትኛው ነው" የሚሉት በተለይ። የሚያድነው አስቀድሞ ቃላቱን ማወቅ ነው። አራቱን የሕጉን ዓላማዎች በቃላችሁ ያዙ፤ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሕዝብን የሚረብሽ ነገርን መከላከል፣ ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ። አምስተኛ የለም፤ ጤና በፈተናው ላይ እንደ አማራጭ ሲቀርብ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፣ ስህተት ነው። ከዚያ ቁጥሮቹን አጥኑ። በሕግ አልኮል የሚባለው ከ0.5 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ ነው። ምግብ ቤትና ቡና ቤት ቢራን በግማሽ ፓይንት፣ ወይንን በ125 ሚሊ ሊትር፣ ጂን፣ ሩም፣ ቮድካና ዊስኪን በ25 ወይም በ35 ሚሊ ሊትር ማቅረብ አለባቸው፤ ደንበኛው መጠን ካልጠቀሰም እነዚህ መኖራቸው ይነገረዋል። የቧንቧ ውሃ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። 16 ወይም 17 ዓመት የሆነ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ቢራ፣ ወይን ወይም ሳይደር መጠጣት ይችላል፤ የሚገዛው ግን ትልቁ ሰው ነው።

የዩኒት ስሌትም ይመጣል። አንድ ዩኒት 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር በጥንካሬው በመቶኛ ታባዛላችሁ፣ ለ1,000 ታካፍላላችሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ፦ 330 ሲባዛ በ5፣ 1,650 ይሆናል፤ ለ1,000 ሲካፈል 1.65 ዩኒት። 175 ሚሊ ሊትር የሆነ 13 በመቶ ወይን፦ 2.275። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 10 በመቶ ጠጅ ቢሞላበት 2.5 ዩኒት ነው፤ አንድ ብርሌ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። ሰውነት በግምት በሰዓት አንድ ዩኒት ያህል ያስወግዳል። ይህ ከፈተናውም በላይ ለሥራው ይጠቅማል፤ ጠጁ ጣፋጭ ስለሆነ እንግዳ ሦስተኛውን ብርሌ ሲያዝ ምን ያህል እንደጠጣ አይታወቀውም፤ አስተናጋጇ ግን ማወቅ አለባት። ለሰከረ ሰው አልኮል መሸጥ በራሱ ወንጀል ነውና።

ወደ ወረቀቶቹ እንምጣ። ከእኛ ማኅበረሰብ ማመልከቻ ሲመለስ አንዱ ምክንያት ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው፤ የእንግሊዝ ፎርም ግን መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል። ፓስፖርቱ ላይ አያት የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦ ሳለ፣ ሥልጠናው ላይ ሰውየው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ይመዘገባል። ዲቢኤሱ ሦስቱንም ይይዛል። ካውንስሉ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወረቀት ሦስት ሰው ይመስላል። ፊደሉም እንዲሁ ነው፤ ቀነኒሳ በኬይ ተጽፎ አንድ ቦታ፣ በኪው ተጽፎ ሌላ ቦታ፤ ጸሐይ አንዱ ላይ በቲ ጀምሮ ሌላው ላይ በኤስ። ለሰው ጆሮ አንድ ነው፣ ለፎርም መርማሪ ሁለት ነው። መፍትሔው አንድ ሰነድ መርጦ፣ ፓስፖርቱን ወይም ኢቪዛውን (በኢንተርኔት ያለውን ቪዛ)፣ ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ሥልጠና ሲመዘገቡም እንደዚያው። ሰርተፍኬቱ ተሳስቶ ከመጣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት አሠልጣኙ እንዲያስተካክለው ጠይቁ። ቀድሞ የሚጠሩበት ሌላ ስም ካለ፣ በጋብቻም ሆነ በሌላ ምክንያት፣ ፎርሙ "የቀድሞ ስሞች" ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለ፤ እዚያ ይጻፍ፣ አይታለፍ።

የልደት ቀንም ያው ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሳይቀየር ፎርም ላይ ሲገባ ሰውየው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ትክክለኛው የልደት ቀን ባይሆንም እንኳ ለማመልከቻው ትክክሉ እሱ ነው።

ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፤ 45 በ35 ሚሊ ሜትር፣ የፓስፖርት መጠን፣ ከጀርባው ፈዛዛ ቀለም፣ ፊት ሙሉ በሙሉ የሚታይበት፣ ያለ ፀሐይ መነጽር። ራስ መሸፈን አይፈቀድም፤ በሃይማኖት ምክንያት ከሆነ ግን ይፈቀዳል፤ ፊቱ ግን መታየት አለበት። ከሁለቱ ፎቶዎች በአንዱ ጀርባ ላይ ሌላ ሰው "ይህ የእገሌ ትክክለኛ መልክ ነው" ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ስሙንና ሥራውን ይጨምራል፣ ይፈርማል። ማን ይፈርም የሚለው ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ ጠበቃ ፍለጋ ሄደው ገንዘብ የሚከፍሉ አሉ። አያስፈልግም። ደንቡ ሙያዊ ማስረጃ ያለውን ሰው ሁሉ ይቀበላል፤ ነርስ፣ አስተማሪ፣ አካውንታንት። በማኅበረሰቡ የተከበረ ሰው ሲል ደግሞ የባንክ ሠራተኛን፣ ፖሊስን፣ የመንግሥት ሠራተኛንና የሃይማኖት አገልጋይን በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ቄስ መፈረም ይችላሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን "ይፈርሙልኝ" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ስማቸውን በእንግሊዝኛ በሚነበብ ፊደል እንዲጽፉ፣ ሥራ በሚለው ላይ የሃይማኖት አገልጋይ መሆናቸውንና የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ እንዲጨምሩ አስታውሷቸው። ፎቶው ላይ በሳሳ እስክሪብቶ ይጻፍ፤ ወፍራሙ ወደ ፊት ያልፍና መልኩን ያበላሻል።

የመሥራት መብት ማስረጃ። የእንግሊዝ ዜግነት ያለው የፓስፖርቱን ቅጂ ያያይዛል። ኢቪዛ ያለው ሼር ኮድ፣ ማለትም ካውንስሉ መብቱን በኢንተርኔት የሚያይበትን ኮድ፣ ያወጣል። የሥራ ሼር ኮድ በደብሊው ፊደል ይጀምራል፤ ለቤት ኪራይ የሚወጣው በአር ይጀምራልና ለዚህ አይሆንም። ኮዱ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ ማመልከቻውን የምታስገቡበት ሳምንት አውጡት። ባዮሜትሪክ ካርዱ በ2024 መጨረሻ ላይ አብቅቷልና የካርዱን ቅጂ ብቻ መላክ መልሶ መጠየቅን ያመጣል።

ዲቢኤሱ መሠረታዊው፣ ቤዚክ የሚባለው ነው። ስታንዳርድና ኢንሃንስድ የሚባሉት በሕግ ለተለዩ ሌሎች ሥራዎች ናቸው፤ እነሱን አታውጡ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ዋጋው 21.50 ፓውንድ ነው። በመንግሥት ድረ ገጽ በቀጥታ አመልክቱ፤ በመሃል ገብተው ሁለት እጥፍ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን ይወስዳል። የሚያዘገየው የ5 ዓመት አድራሻ ነው። ክፍል እየተከራየ የኖረ ሰው አምስት ስድስት አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ወር ሲጎድል ማመልከቻው ይቆማል። ኢትዮጵያ ሄዳችሁ ወራት የኖራችሁ ከሆነም ይጻፋል። ከመጀመራችሁ በፊት አድራሻዎቹን ከነፖስት ኮዳቸውና ከገባችሁበትና ከወጣችሁበት ወር ጋር በወረቀት ላይ ጻፉ።

ማመልከቻው የሚገባው የምትኖሩበት ካውንስል ነው፤ የምትሠሩበት ወይም ምግብ ቤቱ ያለበት አይደለም። ለንደን ውስጥ የየራሳቸው ካውንስል ያላቸው 32 ቦሮዎች (ወረዳዎች) እና ሲቲ ኦፍ ለንደን አሉ፤ መንገድ ማዶ ሌላ ካውንስል ሊሆን ይችላል። ሃሪንጌ እየኖረ ኢዝሊንግተን የሚሠራ ሰው የሚያመለክተው ሃሪንጌ ነው። ክፍያው 37 ፓውንድ ነው፤ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ በሁሉም ካውንስል አንድ ነው። ፎርሙ ሁለት ነው፤ አንዱ ማመልከቻው፣ ሌላው የወንጀል ቅጣት መግለጫው። ቅጣት የሌለበትም ሰው ሁለተኛውን ሞልቶ ይፈርማል፤ "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ መተው ፎርሙን ያስመልሳል።

ስለ ወንጀል ሪከርድ። ሕጉ የሚጠይቀው ማንኛውንም ቅጣት ሳይሆን በዝርዝር ያስቀመጣቸውን ነው፤ ለምሳሌ፦ ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ ጥቃት፣ ወሲባዊ ጥፋት፣ የጦር መሣሪያ፣ የአደገኛ ዕፅ ንግድ፣ የኢሚግሬሽን ጥፋት፣ ጠጥቶ ማሽከርከር። ከዚህ አገር ውጪ የተፈረደ ተመሳሳይ ጥፋትም ይጻፋል። በጊዜ ብዛት "ስፔንት" የሆነ፣ ማለትም በሕግ ያለፈበት ቅጣት፣ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ከእኛ ሰዎች ጋር ይገናኛል። አንደኛው ጠጥቶ ማሽከርከር ነው። የገንዘብ ቅጣት በተለምዶ በአንድ ዓመት ያልፍበታል፤ በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚጻፈው ነጥብ ግን የ5 ዓመት ጊዜ አለው፤ ስለዚህ መቀጮውን ከፍሎ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው አልቆልኛል ብሎ "የለም" ካለ በሐሰት ፈርሟል። ሁለተኛው ጫት ነው። ከጁን 24፣ 2014 ጀምሮ በዚህ አገር በሦስተኛ ደረጃ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ መሸጥና ለመሸጥ መያዝ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ቅጣት ያለበት ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ። ካውንስሉ ለፖሊስ ያሳውቃል፤ ፖሊስ 14 ቀን አለው። ካልተቃወመ ካውንስሉ መስጠት ግድ ነው። ከተቃወመ ጉዳዩ በካውንስሉ ኮሚቴ ፊት ይሰማል፤ ሰውየው ቀርቦ ያስረዳል፤ ውሳኔው ካልተስማማው በ21 ቀን ውስጥ ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ካለ ሆም ኦፊስም በተመሳሳይ ይጠየቃል። ከማመልከቻው ጋር የተፈጠረውን በአጭሩ የሚገልጽ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው ሥራና ኑሮ የሚናገር አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢያያዝ ይረዳል፤ ከአሠሪ ሁለት መስመር ከተጨመረበት ይበልጥ። መደበቅ ግን የከፋ ነው። በዚህ ፎርም ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መናገር ራሱ ወንጀል ነው፤ መቀጮውም ገደብ የለውም።

ላይሰንሱ በካርድና በወረቀት ይመጣል። ከኤፕሪል 2015 ወዲህ የማብቂያ ቀን የለውም፤ ከዚያ በፊት 10 ዓመት ነበር። የቪዛው ጊዜ የተወሰነ ሰው ግን ልብ ይበል፤ የመሥራት መብቱ ሲያበቃ ላይሰንሱም ያበቃል። አድራሻ ወይም ስም ሲቀየር ለሰጠው ካውንስል በቶሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ክፍያው 10.50 ፓውንድ ነው፣ ካርዱ ጠፍቶ ለመተካትም ያው ነው። ከሃሪንጌ ወደ በርሚንግሃም ብትሄዱም የምታሳውቁት ሃሪንጌን ነው። ሥራ ላይ ሳላችሁ ፖሊስ ወይም የካውንስል መርማሪ ካርዱን ሊጠይቅ ይችላልና በኪስ ይያዝ። በዝርዝሩ ውስጥ ባለ ጥፋት ፍርድ ቤት የቀረበ ሰውም ላይሰንሱን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት አለበት፤ ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው ይህን አያውቀውምና በአንዱ ላይ ሌላ ጥፋት ይጨምራል።

አሁን ላይሰንሱን ካወጡ በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ። እያንዳንዱ አልኮል የሚሸጥ ቤት አንድ የተመዘገበ ኃላፊ አለው፤ ዲፒኤስ ይባላል። ላይሰንስ እንዳላችሁ ሲሰማ ወዳጅ ወይም ዘመድ "ስምህን ብቻ ስጠኝ፣ አንተ እንኳን አትመጣም" ይላል። ይሉኝታ ይይዛል፤ ግን እምቢ በሉ። ዲፒኤስ ሁልጊዜ ቤቱ ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፖሊስ ችግር ሲኖር የሚደውለው ለእሱ ነው፤ መጠጥ በምን ሁኔታ እንደሚሸጥ የሚያውቅና የሚቆጣጠር ሰው እንዲሆን ይጠበቃል። ቤቱን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ለ17 ዓመት ልጅ መጠጥ ሲሸጥ እንዴት ይቆጣጠራል? ከሠራችሁበት ቤት ስትለቁም ባለቤቱ ስማችሁን ያንሣ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዲፒኤስነቱን እንደለቀቃችሁ ራሳችሁ ለዚያ ካውንስል በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። ለዓመታት በለቀቁት ቤት ላይ ስማቸው ተጽፎ የሚቀር ብዙ ናቸው።

ሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ ላይሰንስ አያስፈልጋቸውም። ባለ ላይሰንሱ ይፈቅድላቸዋል፣ ይሸጣሉ። ፈቃዱ በቃል ቢሆንም ይሠራል፤ ግን በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። አንድ ወረቀት ላይ "እኔ እገሌ፣ የላይሰንስ ቁጥሬ ይህ የሆነ፣ ከታች የተዘረዘሩት በዚህ ቤት አልኮል እንዲሸጡ ፈቅጃለሁ" ብሎ የሠራተኞቹን ስም፣ ፊርማና ቀን ይዞ ከካሸሩ ጀርባ ይሰቀላል። አጠገቡ እምቢ የተባሉ ደንበኞች የሚመዘገቡበት ደብተር ይቀመጥ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምክንያት፣ የሠራተኛዋ ፊርማ። መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ባዶ ደብተር ማንንም አናስቆምም የሚል ይመስላል። 25 ዓመት ያልሞላው የሚመስል ሁሉ መታወቂያ ይጠየቅ፤ የሚያገለግሉት ፓስፖርት፣ ፎቶ ያለው መንጃ ፈቃድ እና ፓስ የሚባለው የዕድሜ ማረጋገጫ ሆሎግራም ያለው ካርድ ናቸው። የጓደኛ ልጅ፣ የዕድር አባል ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ የሸጠችው ልጅ ራሷ ናት የምትከሰሰው።

ስለ ጠጅ፣ ጠላና አረቄ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለራስና ለቤት እንግዳ ጠጅ መጣል፣ ጠላ መጥመቅ ይቻላል። ቤት የተጣለውን ጠጅ ለምግብ ቤት ደንበኛ መሸጥ ግን ፐርሰናል ላይሰንስም ፕሪሚስስ ላይሰንስም አይሸፍነውም። ለሽያጭ የሚያመርት ሰው ከግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ከኤችኤምአርሲ፣ የአምራችነት ፈቃድ ማግኘትና ቀረጥ መክፈል አለበት። አረቄ ማውጣት ደግሞ ያለ ፈቃድ ለራስ መጠጫም ቢሆን ክልክል ነው። ቀላሉ መንገድ ቀረጥ የተከፈለበትን ጠርሙስ ጠጅ ከተመዘገበ ጅምላ ሻጭ መግዛት ነው። ጅምላ ሻጩ የኤችኤምአርሲ የምዝገባ ቁጥር አለው፤ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል፤ በኤችኤምአርሲ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ማታ ቫን ይዞ የመጣ ሰው በርካሽ የሚያቀርበውን ውስኪ መግዛት ቤቱን ፈቃዱን ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነው።

ነባር ምግብ ቤት የምትገዙ ከሆነ ፈቃዱ በቁልፉ አብሮ አይተላለፍም። ፕሪሚስስ ላይሰንሱን ወደ ስማችሁ ማዛወር 23 ፓውንድ፣ ዲፒኤስ መቀየር ሌላ 23 ፓውንድ ነው፤ ሁለቱም ወዲያው ሥራ ላይ እንዲውሉ ፎርሙ ላይ የሚሞላ ሳጥን አለ፣ እሱን ምልክት አድርጉ። የሻጩ ኩባንያ የከሰረ ወይም የፈረሰ ከሆነ ላይሰንሱ በዚያው ቀን ይሞታል፤ በኪሳራ ከሆነ ለማዳን ያለው ጊዜ 28 ቀን ብቻ ነው። የኩባንያውን ሁኔታ በካምፓኒስ ሃውስ (የኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ በነጻ ማየት ይቻላል፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። ዓመታዊው ክፍያ ያልተከፈለ ከሆነም ፈቃዱ ይታገዳል፤ የክፍያው መጠን በቤቱ የግብር ግምት ይለያያል፣ ከ70 እስከ 350 ፓውንድ ነው።

ምግብ ቤት የሌላችሁ፣ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ አዳራሽ ተከራይታችሁ የእንቁጣጣሽ ወይም የገና ዝግጅት የምታደርጉ ሰዎች ፐርሰናል ላይሰንሱ የሚሰጣችሁ ሌላ ጥቅም አለ። ለአንድ ዝግጅት የሚሰጠው ማስታወቂያ ቴምፖራሪ ኢቨንት ኖቲስ ይባላል፤ ክፍያው 21 ፓውንድ ነው። ላይሰንስ የሌለው ሰው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ማስገባት ይችላል፤ ላይሰንስ ያለው 50 ጊዜ። በአንድ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ከ499 ሰው መብለጥ የለበትም፤ ዘፋኙ፣ ባንዱ፣ አስተናጋጁና የበር ጠባቂው ሁሉ ይቆጠራሉ። "ቢራው በነጻ ነው፣ ትኬቱ ብቻ ነው የሚሸጠው" የሚለው አያድንም፤ መጠጡ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ካለ ሽያጭ ነው።

ቀኑን መቁጠር ላይ ነው የሚሳሳቱት። ከዝግጅቱ በፊት 10 የሥራ ቀን ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያው የደረሰበት ቀንም ዝግጅቱ የሚውልበት ቀንም አይቆጠሩም፤ ቅዳሜ፣ እሑድና የባንክ በዓላትም አይቆጠሩም። ለምሳሌ የ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዓርብ ሴፕቴምበር 11፣ 2026 ይውላል፤ ዝግጅቱ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12 ነው እንበል። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ከሴፕቴምበር 11 እስከ 7 አምስት ቀን፣ ከ4 እስከ 1 አራት ቀን፣ ኦገስት 31 ሰኞ የባንክ በዓል ስለሆነ ይዘለላል፣ ዓርብ ኦገስት 28 አሥረኛው ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው እስከ ሐሙስ ኦገስት 27 ድረስ መድረስ አለበት። የባንክ በዓሉን የረሳ ሰው ዓርብ 28 ያስገባና ዘግይቶ ይቆጠርበታል። ዘግይቶ የገባ ማስታወቂያ፣ ከ5 እስከ 9 የሥራ ቀን ባለው ውስጥ፣ ይቀበሉታል፤ ነገር ግን ፖሊስ ወይም የአካባቢ ጤና ክፍሉ ከተቃወመ ቀርቦ ማስረዳት የለም፣ ዝግጅቱ ላይ መጠጥ መሸጥ በዚያው ይቀራል። በኢንተርኔት ካስገባችሁ ካውንስሉ ራሱ ለፖሊስና ለጤና ክፍሉ ያስተላልፋል። በወረቀት ከሆነ ለሁለቱም ቅጂውን የምትልኩት እናንተ ናችሁ፣ በዚያው ቀን።